ፍቀት የሌለበት መጽሐፍ

መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ኩሩ ናቸው የሚል ሰው ቢኖር አልዋሸም። ኩሩ ነበሩ። ግን የሚኮሩበት ነገር ነበራቸው፤ ባዶ እጁን የሚኮራውስ ስንት አለ! ከዳባት እስከ መካነ ብርሃን ባለው አገር አንድ ደብር ብራና ለማስጻፍ ሲመክር ከእሳቸው ሌላ ስም አይነሣም ነበር። ፊደላቸው ደረቱን የነፋ፣ እግሩን ያደላደለ ነው። "የሀብተ ሚካኤል ሀሌታው ሀ ቆሞ ያስቀድሳል" ይሉ ነበር ካህናቱ። እሳቸውም ይህን ሲሰሙ "ተዉ እንጂ" ይሉና፣ ደግሞ እንዲባል ትንሽ ቆም ብለው ይጠብቃሉ።

ከጻፉት ሁሉ የሚበልጠው ለጉሎ ሜዳ ማርያም ያበረከቱት ተአምረ ማርያም ነው። ሦስት ዓመት ፈጀባቸው። ጊዜው የደርግ ነው፤ የደብሩ መሬት ተወስዶ ለገበሬው ተደልድሏል፤ እሑድ እሑድ ቅዳሴው ሳያልቅ የስብሰባ ጥሩንባ ይነፋል። "በወረቀት ዘመን የፍየል ቆዳ የሚጭር ሰው" እያሉ የሚያሾፉባቸውም አልጠፉም። መሪጌታ ሰምተው እንዳልሰሙ ጻፉ። መጽሐፉን ያስረከቡ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው፣ "ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው አንድ ፍቀት የለበትም" አሉ።

ይህ ለማያውቅ ሰው ተራ ነገር ይመስለዋል። ቁም ጸሐፊ ሲሳሳት ቀለሙን በቢላ ፍቆ በላዩ ይጽፋል፤ የተፋቀው ብራና ይሻክራል፤ ዐይን ባያየው ጣት ያውቀዋል። ፍቀት የሌለበት መጽሐፍ ማለት ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተሳሳተ እጅ ማለት ነው።

ይህን የሰሙት ቄስ ይግዛው መጽሐፉን ተቀብለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ቄስ ይግዛው የደብሩ አንባቢ ናቸው፤ ድምፃቸው ገደል ማዶ ይሰማል። ከመሪጌታ ጋር ከአንድ የኔታ እግር ሥር የተማሩ፣ አንድ አኩፋዳ ይዘው የለመኑ ናቸው፤ ስለዚህም ማንም እንደ እነሱ የሚፎካከር አልነበረም። አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው እያረጠቡ፣ ቅጠል በቅጠል እየገለጡ፣ እየዳሰሱ፣ ከቀትር እስከ ማታ ፍቀት ፈለጉ። አላገኙም። መጽሐፉን አጥፈው ተነሡና፣ "ጽሕፈቱ ደኅና ነው፤ ለማንበብ ግን ድምፅ ይፈልጋል" ብለው ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች ከእግዜር ሰላምታ በቀር አይነጋገሩም።

ተምች የገባው በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ነው። ገብሱን ከላይ እስከ ታች ላጠው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቢራራ ከዳባት ነጭ ዱቄት በጆንያ አምጥቶ አከፋፈለ። "በእጅ አይነካም፣ የነካ ይታጠብ፣ ልጆች አይቅረቡት" ብሏል፤ ማለቱንስ ብሏል። ግን ይህን ያለው ስለ ማኅበሩ መመሪያ ሁለት ሰዓት ከተናገረ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ተነሥቶ መቀመጫውን ሲያራግፍ ነበር።

መሪጌታ በጓሯቸው ያለውን አዩ። ጠዋት ዱቄቱ የተነሰነሰበት ማሳ፣ ለማታው ተምቹ እንደ ጥራጊ ረግፏል። ያን ጊዜ አንድ አሳብ መጣላቸው። በደብሩ ዕቃ ቤት ብል ገብቶ ነበር፤ የቆየውን ድጓ ጠርዙን ወንፊት አድርጎታል። ነገ ደግሞ ወደ ተአምረ ማርያሙ ይዘልቃል። አንድ የዘይት ቆርቆሮ ሙሉ ዱቄት ከቢራራ ለመኑ፤ ማንም ሳያያቸው ዕቃ ቤት ገብተው፣ በዶሮ ላባ እያራገፉ ከቅጠል ቅጠል መኻል ነሰነሱት። ለተአምረ ማርያሙ አብዝተው፣ ለልጅ እንደሚያደሉ አድርገው።

ብሉ ጠፋ። ካህናቱ ተደነቁ፤ "ምን አደረጉበት?" ብለው ጠየቁ። መሪጌታ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ደግሞ አሰቡት፤ ከቢራራ ጆንያ ነው ብሎ ማለት ምን ክብር አለው? "ሙያ ነው" አሉ። "ከአባቴ የወረስሁት ነው።" ውሸቷ ትንሽ ነበረች። ትንሽ ውሸት እንደ ቁንጫ ናት፤ አንዴ ከዘለለች የምታርፍበትን ባለቤቷም አያውቅም።

አዲሱ ዓመት ሲገባ መሪጌታ ለሌላ ደብር ግልባጭ ይጽፉ ጀመር፤ የሚገለብጡትም ከዚያው ከተአምረ ማርያሙ ነው። ሚያዝያ ላይ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ ብርድ ነው አሉ። ቀጥሎ ቀለሙ ቀጠነ አሉ፤ ቀጥሎ መቃው አልተሳለም አሉ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ፊደሏ ለ እግሯ ተወላግዶ ወደቀች፤ መሪጌታም ቢላቸውን አንሥተው ፋቁ። ከዚያ የተፋቀውን ቅጠል ገንጥለው ከመደቡ ሥር ደበቁት። በሰባተኛው ቅጠል ባለቤታቸው ታንጉት ደረሰችበት።

"አንቱ፣ እጅዎን ምን አገኘው?"

"ምንም።"

"ምንም ነው ሰባት ቅጠል ከመደብ ሥር ያስገባው? እኔን በገዛ ቤቴ ያታልሉኛል?"

መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይግዛው ነው" አሉ። "ዐይኑን ጥሎብኛል። አስደግሞብኛል። ፍቀት ሲፈልግ የዋለ ዕለት ነው የጀመረው።"

ነገሩ የሚያስቅ ነበር፣ የሚያስለቅስ ባይሆን። በዚያው ሰሞን አገሩ በሙሉ "ሀብተ ሚካኤል በይግዛው ላይ መተት ጽፎ ቀበረ" እያለ ያወራ ነበርና። ቄስ ይግዛው ሲያነቡ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ለሃጫቸው ያመልጣቸዋል፤ ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ በቃላቸው የሚሉትን መልክዓ ማርያም መኻል ላይ ይጠፋቸዋል። ያ ገደል ማዶ የሚሰማ ድምፅ ተቆርጦ ሲቀር ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው መሪጌታን ነው። መተት የሚጽፍ ጸሐፊ እንጂ ማን ሊሆን? መሪጌታ እጃቸውን በጋቢያቸው ሸሽገው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይቆማሉ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ፍልሰታ ሳትገባ፣ ከቆርቆሮው የቀረውን ዱቄት እንደገና ነሰነሱት። ክረምቱ እርጥብ ነው፤ ብሉ እንዳይመለስ ብለው።

ፍልሰታ ዐሥራ አምስት ቀን ነው፤ ተአምሯ በየቀኑ ይነበባል። አንባቢውም ሕዝቡም ቅዳሴው አልቆ እስኪሰናበት ድረስ ባዶ ሆድ ነው። ቄስ ይግዛው በየቀኑ ጣታቸውን እያረጠቡ ገለጡ። በስምንተኛው ቀን፣ ገና ሁለተኛውን ተአምር ሳይጨርሱ፣ ጡንቻቸው ከቆዳቸው ሥር ይርገፈገፍ ጀመር፤ አፋቸው አረፋ ደፈቀ፤ ከነመጽሐፉ ወደቁ። ዲያቆኑ መጽሐፉን ያዘው፤ ሰዎች እሳቸውን ያዟቸው።

"ወደ ዳባት!" አለ ቢራራ። ቃሬዛ ተሠራ። ከአራቱ እጀታ አንዱን መሪጌታ ያዙ። ሰዎቹ ሲያፈገፍጉ አዩና፣ "ምን ታዩኛላችሁ?" አሉ። "ያስደገመ ሰው ይሸሻል። እኔ ልሸከመው ነው የቆምሁት!" በጭቃው፣ በጉሙ ውስጥ ሦስት ሰዓት ተሸከሙ። እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ቃሬዛው ስለሚወዛወዝ ማንም አላወቀባቸውም።

በዳባት ጤና ጣቢያ የተቀበለቻቸው ሲስተር ዓለምዬ ናት። የመካነ ብርሃን ሰው፣ የደብተራ ልጅ፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይጮኽ። ፀሐይዋ ገና አልገባችም። የቄስ ይግዛውን ዐይን በመስኮቱ ብርሃን ገልጣ አየች፤ ብሌናቸው የጤፍ ፍሬ አክላለች። "የተምች መርዝ የነካ ማነው?" ብላ ጠየቀች። "ማንም" አሏት። ቄስ ይግዛው እርሻ ካቆሙ ቆይተዋል። እሷ ግን አልተከራከረችም፤ ልብሳቸውን አስወልቃ ገላቸውን በሳሙና አሳጠበች፤ መርፌ ወጋቻቸው፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ወጋቻቸው፤ ለሃጫቸው እስኪደርቅ፣ ብሌናቸው እስኪሰፋ ከራስጌያቸው አልተነሣችም።

ጠዋት ቄስ ይግዛው ዐይናቸውን ገለጡ። ከግርጌያቸው መሪጌታ ተቀምጠዋል። ዓለምዬ ገብታ መሪጌታን ቆም ብላ አየቻቸው።

"የኔታ፣ እርስዎ እጅዎን ይዘርጉልኝ።"

"እኔ አስታማሚ ነኝ እንጂ ታማሚ አይደለሁም።"

"ይዘርጉልኝ፤ ምን ቸገረዎ?"

ዘረጉ። ጣቶቻቸው እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል ይርገበገባሉ። ቄስ ይግዛው ከአልጋቸው ሆነው አዩ። ያን ጊዜ የመሪጌታ ፊት ምን ያህል እንደ ነደደ እሳቸው ብቻ ያውቁታል። ከሚያዝያ ጀምሮ የሸሸጉትን ከሰው ሁሉ መርጦ ይግዛው ይየው!

"ሁለታችሁን አንድ ነገር ነው ያገኛችሁ" አለች ዓለምዬ። "የሚያገናኛችሁ ምንድን ነው?"

"ጠብ" አሉ መሪጌታ።

"መጽሐፉ" አሉ ቄስ ይግዛው በደከመ ድምፅ። "እሱ ከዚያ ይገለብጣል፤ እኔ አነብበዋለሁ።"

ዓለምዬ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ "አባቴም ሲያነብ ጣቱን ይልስ ነበር" አለች፤ አውራ ጣቷንም ሳታውቀው ወደ ከንፈሯ አስጠጋች።

መሪጌታ ያን ጣት አዩ። የዶሮ ላባው ታያቸው። ቆርቆሮው ታያቸው። ያ ይግዛው ዛፍ ሥር ሲያረጥቡት የዋሉት አውራ ጣት ታያቸው፤ እሳቸውም ሲገለብጡ የራሳቸውን ጣት ስንት ሺህ ጊዜ እንደላሱ ታያቸው። ተነሥተው ወደ ግቢው ወጡ። ዓለምዬም ተከተለቻቸው።

"ልጄ" አሉ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ "እጄ ይመለሳል?"

እንዴት እንደምታስረዳቸው አሰበች። "የኔታ፣ መጽሐፍ ሲደጎስ ከቅጠሉ ጠርዝ ላይ ክር ይታሠር የለም? የዕለቱ ንባብ እንዲገኝ?"

"እንዴታ። ቀይ ክር፣ ሰማያዊ ክር።"

"ሰውነታችንም መጽሐፍ ነው፤ ጎንደር ለሥልጠና ሄጄ ያስተማሩን ሐኪም ናቸው ይህን ያሉን። ከአባት ከእናት የወረስነው ጽሑፍ በእያንዳንዷ ሕዋስ ውስጥ ሙሉው አለ። ግን ሁሉም ሁሉን አያነብም፤ የዐይኑ የዐይኑን ምዕራፍ፣ የነርቩ የነርቩን፤ ልክ ግጻዌው የዕለቱን ብቻ እንደሚያስነብብ። መርዙ መጀመሪያ በነርቭና በጡንቻ መኻል ያለውን መልእክት ያውካል፤ ትናንት አባን የጣላቸው እሱ ነው፤ መርፌውም ለዚያ ነው። ቀስ በቀስ ሲገባ ግን ክሩንም ሳያዛባ አይቀርም አሉን። ፊደሉን አይፍቅም፤ የሚነበበውን ያስዘጋል፣ የማይነበበውን ያስገልጣል። እጅ የሚያውቀውን ይረሳል፤ ቃልም እንዲሁ።"

መሪጌታ ይህን ከማንም ሐኪም ይበልጥ ተረዱት። ፊደሉ ሳይፋቅ መጽሐፉ ይጠፋል! "ክሩስ ወደ ቦታው ይመለሳል?"

"መርዙን ከተዋችሁት ብዙው ይመለሳል። ሁሉም ይመለሳል ብዬ አልዋሽዎትም፤ ያስተማሩን ሐኪምም ገና እየተጠና ነው ብለውናል።" ዓለምዬ ደግሞ ጠየቀች፤ "ዛሬ ያን መጽሐፍ የሚያነበው ማነው?"

መሪጌታ ይህን አላሰቡትም ነበር። ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው። የሚያነበው ወጣቱ ቄስ አለነ ነው፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር፣ ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ።

ዝም ብለው መጽሐፉን በአንድ ሰበብ ማስቀመጥም ይችሉ ነበር። "ብራናው ረጥቧል፣ ይድረቅ" ቢሉ ማን ይጠይቃቸዋል? ወደ ደብሩ በሚመለሱበት መንገድ ሁሉ ይህን አሰቡት፤ ሰው ናቸውና። ዱቄቱን ማታ አራግፈው፣ ቆርቆሮውን ቀብረው፣ ስማቸውን ይዘው መቅረት ይችሉ ነበር። ግን ሌላ የሚላስ ጣት የት እንዳለ ማን ያውቃል? ከድጓውም ላይ ነስንሰዋል፤ ከመጽሐፈ ግንዘቱም ላይ። ደግሞስ በይግዛው ያስደገመበት ሀብተ ሚካኤል ነው እየተባለ፣ ይግዛውም በልቡ ይህን እያመነ ሊሞት ነው? በጭቃው ሮጡ ማለት ይቻላል፤ በስድሳ አንድ ዓመታቸው።

ሲደርሱ ቅዳሴው ወደ ማለቂያው ቀርቧል። ቄስ አለነ በመጽሐፉ ፊት ቆሟል። የመጀመሪያውን ቅጠል ጨርሶ፣ ጣቱን ወደ አፉ አነሣ።

"አለነ! ጣትህን አታግባ!"

ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። በቅዳሴ መኻል መጮኽ ነውር ነው፤ ያውም ለመሪጌታ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ በሕዝቡ መኻል አልፈው ከመጽሐፉ ፊት ቆሙ። እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ወደ ላይ አነሡት። ሁሉም አየው።

"ስሙኝ፣ ወገኖቼ። መጽሐፉን ብል ያልበላው በሙያ አይደለም። ከአባቴም አልወረስሁትም፤ አባቴ እንዲህ ያለ ስንፍና አላወረሰኝም። የተምች መርዝ ነው። በዚች እጄ ነሰነስሁት። አባ ይግዛውን የጣለው መተት አይደለም፤ እኔ ነኝ። እኔንም ያስደገመብኝ እሱ አይደለም፤ እኔው ነኝ። ይህን መጽሐፍ ነክቶ እጁን ሳይታጠብ የቀመሰ ሰው ቢኖር ዛሬውኑ ዳባት ይውረድ።"

አንድ ሽማግሌ "ይቃጠል!" አለ። ሌላም ተቀበለው። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ መጽሐፉን አዩት፤ የሦስት ዓመት ድካም ሊነድ ነው። ግን "አይሆንም" የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። "እናንተ የፈረዳችሁት ይሁን" አሉ።

ከሴቶቹ በኩል የመጣው የታንጉት ድምፅ ነው። "ያጠፋው ሰው ቆሞ እየተናገረ ብራናውን ታቃጥላላችሁ? ብራናው ምን አደረገ? ይጠረግ እንጂ!"

ቢራራ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሲናገር የሚረዝመው ሰው ያን ቀን አጭር ተናገረ። "ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም" አለ። "እኔም ያን ነገር መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ።"

የደብሩ አለቃ ይጠረግ ብለው ፈረዱ። ዓለምዬ ራሷ መጣች፤ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ አሥረው፣ ከምንጩ ርቀው፣ ቅጠል በቅጠል ጠረጉ፤ ጥራጊውን ከነቆርቆሮው በጥልቅ ጉድጓድ ቀበሩት። ስትሄድም "የጠረጋችሁት ጠፋ ማለት አይደለም፤ ጣት የሚላስበት ነገር ከእንግዲህ ይቅር" አለች። መሪጌታም ከወይራ እንጨት ቀጭን የቅጠል መግለጫ ጠረቡ፤ ስድስቱን ካበላሹ በኋላ ሰባተኛው ሆነላቸው።

አንድ ነገር ግን ቀረ። በመጽሐፉ መግቢያ ያለው ባዶ ቅጠል ላይ ማስጠንቀቂያ ይጻፍ ተባለ። አለቃው፣ "አንድ እጁ የጸና ተማሪዎ ይጻፈው፤ መጽሐፉ አይበላሽ" አሏቸው። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያጠፋ እጅ ይጻፈው" አሉ።

ሁለት መሥመር ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ፊደሎቹ ተንጋደዱ፣ ተደናቀፉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደገፈ። ሀሌታው ሀ ጎበጠ። ታንጉት ቢላውን አቀበለቻቸው። መሪጌታ ቢላውን አዩት፤ ከጎናቸውም አስቀመጡት።

መስከረም ሃያ አንድ ቀን፣ በማርያም በዓል፣ ቄስ ይግዛው ተመልሰው ቆሙ። ከስተዋል፤ ድምፃቸው ግን ገደል ማዶ ይሰማል። መልክዓ ማርያሙን አሁንም መኻል ላይ ይረሱታል፤ ሲረሱት መሪጌታ ከማኅሌቱ በኩል ቃሉን ያቀብሏቸዋል። መጽሐፉን ከፈቱ፤ ያን የተንጋደደ ቅጠል አዩ፤ ሳያልፉትም ጮክ ብለው አነበቡት።

"እኔ ሀብተ ሚካኤል ይህን መጽሐፍ ጻፍሁ፤ መርዝም ነሰነስሁበት። አንባቢ ሆይ፣ ጣትህን አትላስ።"

ከዚያ የወይራ መግለጫውን አስቀምጠው፣ ደረቅ ጣታቸውን በሁለቱ መሥመሮች ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በቀስታ አስኬዱ። ያን ጊዜ ዛፍ ሥር የፈለጉትን እየፈለጉ ነው። ሕዝቡ ጠበቀ። ቄስ ይግዛው ቀና አሉ።

"ፍቀት የለበትም" አሉ።

መሪጌታ ሀብተ ሚካኤልም አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው መቋሚያቸውን ያዙ።